በሸክላ ሽፋን ላይ የተሣለች አገር

የሮክ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ክብሩ የዘፋኙና የጊታር ተጫዋቹ ነው፤ የሸክላውን ሽፋን የሣለው ሰው ስም ግን በደቃቅ ፊደል ከጥግ ይቀራል። እንግሊዛዊው ሮጀር ዲን ከዚህ ዕጣ ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ ነው። እኔም ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የትም የማይገኙ አገሮችን ሥሎ ሳለ፣ ብዙ ሰው ኖሮባቸው እንደሚያውቃቸው አድርጎ የሚናፍቃቸው ለምን እንደ ሆነ ስጠይቅ በመቆየቴ ነው።

ዲን በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኬንት ግዛት፣ አሽፎርድ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ስለ ነበር ልጅነቱ በግሪክ፣ በቆጵሮስና በሆንግ ኮንግ አለፈ፤ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ የተመለሰው በ1959 ነው። በኮሌጅ የተማረውም ሥዕል ሳይሆን የዕቃ ንድፍ ነበር። በ1968 ከለንደኑ የሮያል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሲወጣ እጁ የተፍታታው በወንበር ሥራ ነበር። በእኔ እምነት የሥዕሎቹ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ምናባዊ ቢሆኑም፣ ሰው የሚቀመጥበትንና የሚያድርበትን ነገር ለመሥራት የሠለጠነ ሰው ሥዕሎች ናቸው። በገደሉ ላይ ድልድይ ይዘረጋል፤ በቋጥኙ ላይ መንገድ ይጠመዘዛል፤ ተመልካቹም እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ አያጣም።

የመጀመሪያ ሽፋኑን በ1968 ገን ለተባለ ባንድ ሠራ። በ1971 ደግሞ ጋናውያንና የካሪቢያን ተወላጆች በለንደን ላቋቋሙት ለኦሲቢሳ ክንፍ ያላቸውን በራሪ ዝሆኖች ሣለ። ከአገራቸው ርቀው የአገራቸውን ምት ለሚጫወቱ ሰዎች ከዚህ የተሻለ አርማ ሊገኝ መቻሉን እጠራጠራለሁ።

በዚያው ዓመት የስ ከተባለው ባንድ ጋር ተገናኘ። «ፍራጃይል»፣ ማለትም «በቀላሉ የሚሰበር»፣ በተባለው አልበም ሽፋን ላይ አንዲት ትንሽ ፕላኔት ትታያለች፤ ሽፋኑ ሲገለበጥ ፕላኔቷ ተሰነጣጥቃለች። በ1973 የወጣውና ሦስት ሸክላዎችን የያዘው «የስሶንግስ» ታሪኩን ይቀጥላል፦ ስብርባሪዎቹ በጠፈር ተጉዘው ሌላ ዓለም ይደርሳሉ፤ በዚያም ሕይወት ይነቃል፤ መንገድም ይወጣል። ዲን ይህን ሲሥል ስደተኛን አስቦ ነበር ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን የተሰበረ አገር ቁራሽ ተሸክሞ ባዕድ ምድር ላይ ለረገጠ ሰው ታሪኩ አስተርጓሚ አያሻውም።

ለዚህ ሥራ መስፋት የሸክላው መጠንም ረድቷል። ሽፋኑ በየጎኑ 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ እንደ መጽሐፍ የሚገለጠው ደግሞ የዚያ እጥፍ ይሆናል። አድማጩ አንዱ ገጽ እስኪያልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ሥዕሉን ይመረምር ነበር። በ1980ዎቹ ሲዲ ሲመጣ ያ ሁሉ መልክዓ ምድር 12 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማኅደር ውስጥ ተጨመቀ። ዲን ግን ብሩሹን አልጣለም፤ ለየስ በ2023 ለወጣው «ሚረር ቱ ዘ ስካይ» ሽፋኑን የሠራው እርሱ ነው።

በ2009 «አቫታር» የተባለው ፊልም ተንሳፋፊ ተራሮችን ሲያሳይ ዲን የገዛ ምድሩን ያየ መሰለው። በ2013 የፊልሙን ደራሲና ዳይሬክተር ጄምስ ካሜሩንን በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ከስሶ 50 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ። በ2014 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ሕግ የሚጠብቀው የተሣለውን ሥዕል እንጂ ደሴት በአየር ላይ ይንሳፈፋል የሚለውን ሐሳብ አይደለም።

ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ምድር የአንድ ሰው ርስት ቢሆን ኖሮ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሠዓሊ ሁሉ ጭሰኛ ሆኖ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ ከሕጉ ውጭ የሚቀር ዕዳ አለ። ስለዚህ አንባቢ አሮጌ ሸክላ እጁ ሲገባ፣ ከማጫወቱ በፊት ገልብጦ በጥጉ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እንዲያነብ እጠይቃለሁ።