ኪት የተባለው ዘረ መል እና የስያሜዎቹ ታሪክ

በሰው የእንቁላል ሕዋስ ስለሚገኘው ኪት ስለሚባለው ፕሮቲን የተጻፈን ጥናት ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ተርጓሚን አስቀድሞ የሚገጥመው የስያሜ ችግር ነው። ፕሮቲኑ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ በውጭ በኩል መልእክት ይቀበላል፤ በውስጥ በኩል እንደ ኤንዛይም ይሠራል። ሊቃውንቱ «ሪሴፕተር ታይሮሲን ካይኔዝ» ይሉታል።

የቃላቱን ታሪክ ብንመረምር ምንጫቸውና የዛሬ ፍቺያቸው ተራርቀው እናገኛቸዋለን። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ታይሮሲን» አይብ ከሚለው የግሪክ ቃል ወጥቷል፤ ሊቢግ በ1846 ንጥረ ነገሩን ያገኘው ከአይብ ነበርና። «ካይኔዝ» ምንጩ «ማንቀሳቀስ» ቢሆንም የኤንዛይሙ ሥራ ፎስፌትን ከኤቲፒ ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ ማሳረፍ ነው። ሥሩን የተከተለ ተርጓሚ «አይብ አንቀሳቃሽ» ሊል ነው!

ኪት የሚለውም ስም በ1986 የተሰጠው በድመት ላይ ነቀርሳ በሚያስከትል ቫይረስ ውስጥ ለተገኘው ዘረ መል ነው፤ የድመት ግልገልን ከሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ተወሰደ ይነገራል። ዛሬ ግን የአማርኛ አንባቢ «ኪት» ሲባል የሚያስበው የሐኪም ቤት መመርመሪያን ነው። ስለዚህ «ኪት የተባለው ዘረ መል» ብሎ መጀመር ይገባል። በ1988 ይህ ዘረ መል በአይጥ ላይ የነጭ ጠቃጠቆ ምክንያት ተብሎ አስቀድሞ ከሚታወቀው ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። ጉድለቱ የበረታባቸው አይጦች ደማቸው ያንሳል፣ የዘር ሕዋስ ያጡና ይመክናሉ። ለእንቁላል ጥናት ያለው ፋይዳም ከዚህ ይመነጫል።

«ሪሴፕተር»ን «ተቀባይ ሕዋስ» ማለትን አንደግፍም። ሕዋስ አስቀድሞ የአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ስም ስለ ሆነ፣ አንባቢው ዓይንና ጆሮን ያስባል፤ ነገሩም ሕዋስ ሳይሆን በሕዋስ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። «መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን» ይሻላል።

ከሁሉ የከበደው «ኤክስፕሬሽን» ነው። «የዘረ መሉ አገላለጽ በእንቁላል ሕዋስ» ቢባል፣ ገለጸ በአማርኛ ማስረዳት ነውና፣ አንባቢው ስለ ዘረ መሉ የተሰጠ ማብራሪያ ይመስለዋል። ደግሞም የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት ነገር ይሸፍናል፤ የዘረ መሉ የአርኤንኤ ቅጂ መገኘትንና የፕሮቲኑ መሠራትን። እንቁላል ቅጂን አከማችቶ ለኋላ ማቆየት የሚችል ሕዋስ ስለ ሆነ፣ ቅጂው ተገኘ ማለት ፕሮቲኑ ተሠራ ማለት አይደለም። ሁለቱን የቀላቀለ ትርጉም ጥናቱ ያላለውን ያናግረዋል። ስለዚህ በጥቅሉ «ዘረ መሉ ሥራ ላይ ዋለ» እንበል፤ የጥናቱ ዘዴ በታወቀ ጊዜ ግን «ቅጂው ተገኘ» ወይም «ፕሮቲኑ ተገኘ» ተብሎ ይለይ።