ቁንጫ ከትቢያ ይወለዳልን? የጭን ውሻና የቤት ወለል ታሪክ



የዛሬው ንግግር ርእስ ሲለጠፍ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ብለዋል። ነገሥታትና ጦርነቶች በሚጠኑበት አዳራሽ ስለ ቡችላ ቁንጫ መናገር ቀልድ ይመስላል። ከጉዳዩ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን የታሪክ ተመራማሪን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም፦ ሰው የተሳሳተ እምነት ይዞ ትክክለኛ ሥራ ሊሠራ፣ ትክክለኛ ዕውቀት ከተገኘ በኋላም ሊሳሳት የሚችለው እንዴት ነው?

በጽሑፍ ከደረሱን ጥንታዊ የውሻ ቁንጫ መድኃኒቶች መካከል የሮማዊው የግብርና ጸሐፊ የኮሉሜላ ትእዛዝ ይገኛል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የእርሻ ድርሳን፣ በ7ኛው መጽሐፍ፣ ከሙንና ሄሌቦር የተባለውን ሥር እኩል መዝኖ፣ ወቅጦና በውኃ ለውሶ ውሻውን መቀባትን ይመክራል። ይህ ካልተገኘ የእባብ ኪያር የሚባለውን ተክል ጭማቂ፣ እርሱም ከታጣ የቆየ የወይራ ዘይት አተላ በመላ ሰውነቱ ላይ ማፍሰስን ያዛል። ሄሌቦር መርዝ ነው። ኮሉሜላ ግን የሚያስበው መንጋና ግቢ ስለሚጠብቅ ትልቅ ውሻ ነበር። ያንኑ ቅባት ትንሽ፣ ባለ ረጅም ፀጉር ቡችላ ላይ ያደረገ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ትንሽ እንስሳ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ የቆዳው ስፋት ብዙ ነው፤ ፀጉሩ መርዙን ይዞ ያቆያል፤ ቡችላው ደግሞ ራሱን ይልሳል።

ኮሉሜላ ዓይኑን የጣለው በእንስሳው ገላ ላይ ነው። ሌላ ዓይነት አመለካከትም ነበር። አርስቶትል ቁንጫ ከሚበሰብስ ጥቂት ቆሻሻ እንደሚፈጠርና ደረቅ ኩስ ባለበት ሁሉ እንደሚገኝ ጽፏል። ነገሩ ስሕተት ነው፤ ቁንጫ ከቆሻሻ አይፈጠርም። ነገር ግን ይህ እምነት ሰዎችን ወደ ወለሉ እንዲመለከቱ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1393 ገደማ አንድ አረጋዊ ፓሪሳዊ ለወጣት ሚስቱ ባዘጋጀው የቤት አያያዝ መጽሐፍ ውስጥ የቁንጫው መድኃኒት ለመኝታ ክፍሉ የታዘዘ ነው፦ የዛፍ ቅጠል መበተን፣ ሙጫ የተቀባ ዳቦ መካከል ሻማ አብርቶ ማታ ማታ ማስቀመጥ፣ ብርድ ልብስን አጥብቆ አጥፎ በሣጥን መዝጋት።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የዴልፍቱ አንቶኒ ፋን ሌቨንሁክ በማጉያ መነጽሩ ነገሩን ገለጠው፤ ቁንጫ እንቁላል ይጥላል፤ ከእንቁላሉ ትል መሰል እጭ ይወጣል፤ እጩም በድር ተጠቅልሎ ቆይቶ ቁንጫ ይሆናል። ዛሬ የምናውቀው ዝርዝር ይበልጥ ያስደንቃል። እንቁላሉ ልሙጥ ስለሆነ ከፀጉሩ ላይ ተንሸራቶ ውሻው በተኛበት ይወድቃል። እጩ የሚመገበው ቁንጫዎቹ የሚጥሉትን የደረቀ ደም ያለበት ኩስ ነው። እነሆ፣ አርስቶትል ስለ መነሻው ቢሳሳትም ቦታውን አልሳተም! ከቡችላው ፀጉር የተበጠረውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ብናስቀምጠው ቀይ ሆኖ ይፈሳል፤ ደም ነውና።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወሬ ልንካ። የአውሮፓ ወይዛዝርት የጭን ውሻ የያዙት ቁንጫቸውን ወደ ውሻው ለማሻገር ነበር ይባላል። እኔ አልቀበለውም። ውሻን አልጋ ላይ ማስተኛት የቁንጫ እንቁላል አልጋ ላይ ማራገፍ ነውና ውጤቱ ከታሰበው በተቃራኒ በሆነ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ካየስ እ.ኤ.አ. በ1570 ስለ ብሪታንያ ውሾች ባሳተመው መጽሐፍ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ ትንሿን ውሻ ደረት ላይ ማቀፍ የሆድ ሕመምን ያስታግሣል፣ ሕመሙም ወደ ውሻዋ ይሻገራል ይላል። በእኔ ግምት የቁንጫው ወሬ የዚህ ሐሳብ ዘግይቶ የመጣ ቅጥያ ነው።

የሌቨንሁክ ግኝት ከታወቀ በኋላም አብዛኛው ጥረት ወደ ገላው ተመለሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአበባ የሚፈጨው የፒሬትረም ዱቄት በአውሮፓ ተስፋፋ፤ ይህ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ፓውል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት አገኘ፤ በ1948ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዲዲቲ በደረቅ ዱቄትነቱ ቆዳን በቀላሉ አያልፍም፤ በዘይት ሲበጠበጥ ግን ያልፋል፤ የሚልስ እንስሳ ደግሞ ዱቄቱንም ይውጠዋል። የኮሉሜላ ሄሌቦር ጥያቄ በአዲስ ስም ተመለሰ ማለት ነው። ዛሬም ለከብት መዥገር የተዘጋጀ መድኃኒት በግምት በጥብጦ ቡችላ የሚያጥብ ሰው ያው ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ስሕተት ላይ ይገኛል።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ሉፌኑሮን የተባለው መድኃኒት ለውሻው በአፉ ይሰጣል፤ ደሙን የጠጣችው ቁንጫ አትሞትም፤ እንቁላሏ ግን ፍሬ አይሰጥም። በገላው በኩል ወለሉን ማከም ይሏል ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡትም መድኃኒቶች ቢሆኑ ዝቅተኛ ዕድሜና ክብደት ተወስኖላቸዋል። ገና ጥቂት ሳምንታት የሆነው ቡችላ ከዚያ በታች ከሆነ፣ ብዙ ቁንጫም ደሙን መጥጦ ሊገድለው ስለሚችል፣ የእንስሳት ሐኪም እስኪያየው ድረስ የሚቀረው ጥርሱ የተጠጋጋ ማበጠሪያ፣ የሳሙና ውኃ፣ በፈላ ውኃ የታጠበ መኝታና በየቀኑ የሚጠረግ ወለል ነው። መጥረጉ በአንድ ሳምንት አይቆምም፤ በድሩ የተጠቀለለው ቁንጫ የሰው ኮቴ እስኪሰማ ድረስ ለወራት ሊቆይ ይችላልና።