ፕላዝማ፣ መዳፍ፣ ነጥብ፦ የሚታይና የሚነካ ኮምፒውተር ወደ ጌዴኦ የመጣበት መንገድ

ኮምፒውተርን በዓይን እያዩ በጣት እየነኩ የማዘዝ ሐሳብ ከስማርት ስልክ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ‹ስኬችፓድ› የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር ስክሪኑ ላይ መስመር ይስላል፣ የሳለውንም ይዞ ያንቀሳቅሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በጣታቸው የሚያዙት ስክሪን እንዴት እንደሚሠራ ጽፎ አወጣ። በ1968 ደግሞ ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን ለሕዝብ አሳየ። ከእነዚህ ሥራዎች በስተጀርባ የነበረው ተስፋ አንድ ነው፤ የማሽኑን የትእዛዝ ቋንቋ ያላጠና፣ በኪቦርድ መጻፍም ያልለመደ ሰው አይቶና ነክቶ እንዲሠራ። እንዲህ ያለው ተስፋ የሚፈተነው ብዙ ሰው ማንበብና መጻፍ በማይችልበት፣ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ከቤቱ ቋንቋ በሚለይበት፣ መብራትም በሚቆራረጥበት ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከዋና ከተማዋ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዲላና ዙሪያዋ ያለው የጌዴኦ ዞን እንዲህ ካሉት ቦታዎች አንዱ ነው።

የዚህ ታሪክ መነሻ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚያውቁት ዕቃ ላይ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ሮበርት ዊልሰን የፕላዝማ ስክሪንን ፈለሰፉ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ ሁለቱ ጉዳዮች ግን እስከሚገናኙ 40 ዓመት ፈጅቷል። ኢሊኖዮቹ ፕላዝማን የሠሩት ለመዝናኛ አልነበረም። ‹ፕላቶ› የተባለ ኮምፒውተር ተማሪዎችን ያስተምር ነበርና ለእሱ የሚሆን ርካሽ ስክሪን ፈልገው ነው። በጊዜው የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ እጅግ ውድ ስለነበረ፣ የተሳለበትን ምስል ራሱ ይዞ የሚቆይ መስታወት ትልቅ ቁጠባ ነበር። በ1972 የወጣው የፕላቶ አራተኛ ትውልድ በዚህ ብርቱካናማ ስክሪን ፊት ለፊት በዓይን የማይታዩ የብርሃን ጨረሮችን አጣምሮ ዘረጋ፤ ጣት ጨረሮቹን ሲያቋርጥ ማሽኑ ከ256 ቦታዎች የትኛው እንደተነካ ያውቃል። ተማሪው የኬሚስትሪ ሙከራ በስክሪኑ ላይ ያካሂዳል፣ መልሱን በጣቱ ያመለክታል፣ ካልገባው ይቆማል፤ ማሽኑም ይጠብቀዋል። ፕላዝማ እንግዲህ ሲወለድ ከመነካት ጋር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን አይነካም። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ጌዴኦን ጨምሮ በመላው አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ማሠራጨት ጀመረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ ስቱዲዮ ተቀርጸው ከአዲስ አበባ ይተላለፉ ነበር፤ በየክፍሉ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ትልቅ ስክሪንም ይቀበላቸው ነበር። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ሲሆን አብዛኛውን ስርጭቱ ይወስደው ነበር። ለመምህሩ የሚተርፈው በመግቢያና በመዝጊያ ያለች ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ተማሪው ትምህርቱንም ሣጥኑንም በአንድ ስም ‹ፕላዝማ› ይላቸው ነበር።

ትችቱ ወዲያው ተከተለ፤ ትምህርቱን የመረመሩ ጥናቶችም መምህራንና ተማሪዎች የሚሉትን አረጋገጡ። ስርጭቱ ይፈጥናል፣ ማቆምም ሆነ መመለስ አይቻልም። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ይጠብቅና፣ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም፣ ‹ጥሩ› ብሎ ያልፋል። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። በጌዴኦ ላለ ተማሪ ሌላም ጫና ነበረበት። በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጌዴኦኛ ጀምሮ፣ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ተምሮ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ በሦስተኛ ቋንቋ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ባልለመደው የአነጋገር ዘዬ፣ የሚሮጥ ፊዚክስ ያዳምጥ ነበር። ለፕላዝማው መባል ያለበት ግን ይባል። ቤተ ሙከራ ያልነበራቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች አሲድና ቤዝ ሲዋሐዱ፣ ሕዋስ ሲከፈል በዓይናቸው ያዩት በእሱ ነው፤ ለሥዕልና ለእንቅስቃሴ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ የማይችሉትን ችሏል። የጎደለው ተማሪው ለማሽኑ መልስ የሚሰጥበት መንገድ ነበር። ይህም በቴክኖሎጂው ድክመት የመጣ አይደለም፤ ፕላቶ ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ ሠርቶበታል። አንድን ትምህርት በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ የማድረስ ዓላማ የመረጠው ቅርጽ ነው።

በትምህርት ቤት የሆነው በቡናው ገበያ ደግሞ በተገላቢጦሽ ይታያል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀምሮ በ2001 ቡናን ሲያስገባ፣ የጌዴኦ ቡና ጉዞ ተቀየረ። እሸት ቡናው በዞኑ ማጠቢያ ጣቢያዎች ታጥቦ ዲላ ወዳለው የምርት ገበያው መጋዘን ይገባል፤ እዚያ ናሙና ይወጣለታል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃም ይሰጠዋል። የይርጋ ጨፌ፣ የወናጎና የኮቸሬ ቡና የይርጋ ጨፌን ስም በያዘ ምድብ ይመደባል። ሽያጩ ግን ከቡናው ርቆ፣ አዲስ አበባ ባለው የግብይት መድረክ ላይ ነበር። ባለቀለም ጃኬት የለበሱ ገዥና ሻጭ ወኪሎች ፊት ለፊት ተጋፍተው ዋጋ ይጣሩ ነበር፤ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ፣ ከዚያ ይፈራረሙ ነበር። በዘመናዊው ገበያ ውስጥ ውል የሚያስረው እጅ ነበር። መድረኩ ላይ የተማታው መዳፍ ዋጋ ሆኖ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ በቡናና በሰሊጥ አገር ከተሞች ይታይ ነበር፤ በ929 የስልክ ቁጥርም ይሰማ ነበር።

የዋጋ ሰሌዳው እንደ ፕላዝማው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚናገር ነው፤ ፋይዳው ግን በጣም የተለየ ነበር። ቀድሞ የአዲስ አበባን የጨረታ ዋጋ በቅርብ የሚያውቁት አቅራቢና ላኪ ነበሩ፤ ሰብሳቢው የሚነግረውን ዋጋ ገበሬው አምኖ ይቀበል ነበር። ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳ መንገድ ዳር ሲቆም ለመደራደር የሚሆን ነገር ተገኘ፤ ቁጥር ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ችሎታ አይጠይቅም። በቀላልነቱ ምናልባት ከሁሉም የተሳካለት ስክሪን እሱ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ምርት ገበያው ግብይቱን ወደ ኤሌክትሮኒክ ለወጠ። ጩኸቱና የመዳፉ ምት ቀርቶ ወኪሎች በኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው በኪቦርድና በማውስ ይገበያዩ ጀመር፤ በኋላም ሐዋሳ ላይ የግብይት ማዕከል ሲከፈት የደቡቡ አቅራቢ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድበት ምክንያት ቀነሰ። ስክሪኑ ሲገባ መነካካቱ የወጣበት ገበያ ነው።

ወደ ግለሰቡ እጅ የደረሰው ንክኪ በስልክ የመጣው ነው፤ እሱም ቢሆን በመጀመሪያ ከፊደል ጋር መታረቅ ነበረበት። የግዕዝ ፊደል ለቁልፍ አይመችም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ፊደላቱን ከቁርጥራጭ ምልክቶች እየገጣጠሙ ነው የቁልፎቹን ብዛት የቀነሱት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ኮምፒውተር መጻፊያዎች ሲወጡ ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ጽሕፈት 345 ምልክቶችን ሲመድብ ይህ ችግር መፍትሔ አገኘ። የቀረው የኪቦርዱ ነበር። በላቲን ኪቦርድ አማርኛ ለመጻፍ ድምፁን በላቲን ፊደል ማሰብ ያስፈልጋል፤ ያልተማረው ይቅርና የተማረውም ይሳሳታል። የንክኪ ስክሪን ይህን ቀየረው። ቁልፎቹ ሥዕል ስለሆኑ ራሱን ፊደሉን ያሳያሉ፤ ‹ለ›ን የነካ ሰው ሰባቱን ቤቶች ተደርድረው ያገኛል፣ የሚፈልገውን ይመርጣል። የፊደል ገበታን በልጅነቱ የቆጠረ ሁሉ አጠቃቀሙን ሳይማር ያውቀዋል።

ለጌዴኦኛ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ሲሆን የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በትምህርት ቤት ወደ ላቲን ፊደል ዞረ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ በዘመቻው ማንበብ የተማረ አባትና በላቲን የተማረ ልጅ አንዱን ቋንቋ በሁለት ጽሕፈት ያውቁታል። የብረት ቁልፍ ባለው ማሽን ይህ ሁለት ማሽን ይጠይቅ ነበር፤ በንክኪ ስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር የአንዲት ንክኪ ጉዳይ ነው። በላቲኑ ኪቦርድ ላይ ግን ለእንግሊዝኛ የተሠራው ራስ አራሚ የጌዴኦኛውን ቃል ስሕተት መስሎት ይለውጣል፤ ጸሐፊው ከስልኩ ጋር ይታገላል ወይም ማረሚያውን ያጠፋዋል።

ታብሌት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በትልቅ ተስፋ ታጅቦ ነው። በ2004 ዓ.ም. በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው ‹ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ› ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው፣ ያለ አስተማሪ አከፋፈለ። ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በወራት ውስጥም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ። ወሬው ዓለምን ዞረ። ሙከራው ግን ሁለት መንደሮችንና ጥቂት ደርዘን ልጆችን ብቻ የያዘ ነበርና ልጆች ዕቃ ለመክፈት ብልህ መሆናቸውን ከማሳየት አልፎ በታብሌት ብቻ ማንበብ መማር ይቻላል የሚለውን አላስረዳም።

በአገር ደረጃ ታብሌት የተገዛው ለመማሪያ ከመሆኑ በፊት ለመቁጠሪያ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በወረቀት ቅጽ ጌዴኦ ዞን ላይ 847,434፣ ዲላ ከተማ ላይ 59,150 ሰው መዝግቦ ነበር። የዞኑ ስፋት 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ በአገሪቱ ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ያ ቆጠራ አሳይቷል። አራተኛው ቆጠራ በዲጂታል እንዲሆን ተወስኖ 180,000 ታብሌቶች ተዘጋጁ፤ ቆጣሪው መልሱን በስክሪን ነክቶ ያስገባል፣ መረጃው በቀጥታ ወደ ማዕከል ይሄዳል ተባለ። ቆጠራው ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋግሞ ተላለፈ። በዚያው ዓመት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ በሰኔ 2011 ፓርላማው ቆጠራውን እንደገና ሲያራዝም ከቀረቡት ምክንያቶች ዋነኞቹ የጸጥታ ሁኔታና መፈናቀል ነበሩ። ቤት ለቤት የሚሄድ ታብሌት ሰውን ከቤቱ ካላገኘው የሚሠራው የለም።

የትምህርት ሚኒስቴርም በታብሌት የሚሰጥ የ12ኛ ክፍል ፈተና አቅዶ ነበር፤ መሣሪያዎቹ በጊዜ ባለመድረሳቸው ፈተናው በ2013 በወረቀት ተሰጠ። ከ2015 ጀምሮ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ጀመሩ፤ በጌዴኦ ይህ ማለት በ1989 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2016 ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ በአገር ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ተፈተኑ። ፕላዝማው የነፈገውን መልስ የመስጠት ዕድል የከፈተው ስክሪን ለፈተና ብቻ መሆኑ ትኩረት የሚስብ ነው።

በቅርብ ዓመታት ንክኪ ስክሪን ወደ ቡናው ማሳ ገብቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም፣ ቡናን ጨምሮ በርካታ ምርቶች የበቀሉበት ማሳ በካርታ ላይ እንዲታወቅ ያዛል። ከአራት ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያ ድንበሩ ይነሣል፤ ከዚያ ላነሰው አንዲት ነጥብ ትበቃለች። የጌዴኦ ገበሬ ይዞታ በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች ስለሆነ ጉዳዩ የነጥብ ነው። በ1994 ዓ.ም. እንደተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ላሉ ላኪዎች የእያንዳንዱን አባል ማሳ ማወቅ የገበያ ግዴታ እየሆነ መጥቷል። ሥራው ሰውና ስልክ ይጠይቃል፤ መዝጋቢው ማሳው መካከል ቆሞ ስክሪኑን ይነካል፣ ስምና መለያ ያስገባል፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

ለጌዴኦ አስቸጋሪው ግን ከላይ የሚታየው ምስል ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የሚታወቀው ቡና፣ እንሰትና እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትልልቅ ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው በመብቀላቸው ነው። ከላይ ሲታይ የዛፉ አናት እንጂ ከሥሩ ያለው ቡናም ሆነ እንሰት አይታይም፤ በሳተላይት ምስል ላይ የተመሠረቱ የደን ካርታዎችም እንዲህ ያለውን የቡና ማሳ ከተፈጥሮ ደን ለመለየት ይቸገራሉ። በትውልዶች እጅ የተተከለ ማሳ በካርታው ላይ ደን ሆኖ ከታየ፣ ገበሬው ያረጀ ዛፍ ሲቆርጥ ወይም ቡናውን ሲጎነድል ምስሉ ደን የተጨፈጨፈ ያስመስለዋል። ይህን የሚያርመው በመሬት ላይ የሚነሣው መረጃ ነው፤ መዝጋቢው በስልኩ የሚያስቀምጣት ነጥብና ከእሷ ጋር የሚሞላው የማሳው መግለጫ።