ከፈረስ እስከ ፍርሃት

ባለፈው ክረምት ከሚሴ ሄጄ ሳለሁ የእህቴ ልጅ ከስልኩ ላይ አንድ ቃል አውጥቶ «አጎቴ፣ እስቲ ይህን አብረን እናንብበው» አለኝ። ረጃጅም ቃላትን መፍራት ማለት ነው፤ በላቲን ፊደል 36 ሆሄ ይፈጃል። በእኛ ፊደል ስጽፈው «ሂፖፖቶሞንስትሮሴስኩዊፔዳሊዮፎቢያ» ሆነ፤ 20 ሆሄ ብቻ። ልጁ ግን መካከሉን በ«ቀ» አንብቦ መጨረሻውን «ጶቢያ» አለው። ሳቅሁ። እርሱም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ዝም አለ።

ቆይቶ በሳቄ አፈርሁ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የአፋን ኦሮሞ ይፋዊ ጽሕፈት በሆነው በቁቤ «ፒ» እና «ኤች» ሲጣመሩ «ጰ» ናቸው፤ «ኪው»ም «ቀ» ናት። ልጁ የተማረውን አንዲት ሳያዛንፍ አንብቧል። እኔ ራሴ በልጅነቴ እዚያው ከሚሴ በአማርኛ ስማር፣ የሚላላውን «ገና» አጥብቄ በማንበቤ ክፍሉ ሁሉ ስቆብኛል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ቁቤ ግን ሆሄውን ደርቦ ያሳያል።

ቃሉን ስንፈታው ግሪክኛነቱ ግማሽ ብቻ ነው። «ሂፖስ» ፈረስ፣ «ፖታሞስ» ወንዝ፤ የወንዝ ፈረስ፣ ማለትም ጉማሬ። (በነገራችን ላይ «ፖታ» የነበረው «ፖቶ» ሆኖ ተበላሽቷል።) «ሞንስትሩም» በላቲን አስፈሪ ፍጡር ነው። «ሴስኩዊፔዳሊስ»ም ላቲን ሲሆን አንድ ጫማ ተኩል የሚረዝም ማለት ነው፤ ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ለተነፋፉ ቃላት ተጠቅሞበታል። «ፎቦስ» ፍርሃት ነው። ጉማሬውና ፍጡሩ ከትርጉሙ አንዳች የላቸውም፤ ቃሉን ለማስረዘም በቀልድ የተጨመሩ ናቸው።

እኛ ግን ከግሪክኛ ጋር የተዋወቅነው በአክሱም ዘመን ነው። «ጰ» እና በፊደል ገበታችን መጨረሻ የቆመችው «ፐ» ወደ ግእዝ የገቡት በዋናነት ለባዕድ ቃላት፣ ይልቁንም ለግሪክኛ ነው። ኤጲስ ቆጶስን እንመልከት፦ በግሪክኛው «ኤጲ» በላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች ነው። የእኛ ጽሑፍ «ስ»ን ለፊተኛው ሰጥቶ አንዱን ቃል ሁለት አደረገው፤ ማንም አልሳቀበትም። ፊልጶስ ደግሞ «ፈረስ ወዳጅ» ነው፤ ያ የጉማሬው «ሂፖስ» በግእዝ አፍ «ጶስ» ሆኖ ተቀምጦበታል።

ማታ ልጁን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁትና «ፊልጶስ»ን በቁቤ እንዲጽፍልኝ ለመንሁት። ለ«ጶ» ያንኑ «ፒ» እና «ኤች» አስቀመጠ።