ልብ የሚነበብባቸው ዕቃዎች

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ቡና ተፈልቶ አቦል፣ ቶናና በረካ ከተጠጣ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ስኒ ይገለበጣል። በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ስኒውን አንሥተው፣ አተላው የተወውን መስመር እየተመለከቱ፣ «መንገድ አለብሽ፤ ልብሽን የከበደው ነገርም አለ» ይላሉ። መንገድና ሐሳብ የሌለበት ሰው አይገኝምና ንግግሩ ለብዙዎች ይስማማል። የሰሚዋ ፊት ከተለወጠ አንባቢዋ በዚያው ይቀጥላሉ፤ ካልተለወጠም ወደ ሌላ ያልፋሉ። ስለዚህ አተላው ምክንያት ብቻ ሲሆን፣ በእርግጥ የሚነበበው ፊት ነው።

ይኸው ጥበብ በአውሮፓ መድረክ ላይ ወጥቶ መተዳደሪያ ሆኗል። ፈረንሳዊው ሮበር ኡደን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 በፓሪስ ባሳየው ትርኢት፣ ዓይኑ የተሸፈነው ልጁ ኤሚል አባቱ ከተመልካች የተቀበለውን ዕቃ ሳያይ ይናገር ነበር። አባትየው የሚጠይቅባቸው ቃላት አስቀድመው የተስማሙባቸው ምልክቶች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ የምትጣበቅ ቁራጭ እርሳስ ይጠቀማሉ፤ ተመልካቹ ያሰበውን ቁጥር ጮክ ብሎ ከተናገረ በኋላ፣ አስቀድሞ የተጻፈ በሚመስለው ወረቀት ላይ በሥውር ይጽፉበታል። የዚህ ዓይነት አሮጌ መሣሪያዎች ከነሣጥናቸውና ከነመመሪያቸው ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ናቸው። በሚሺጋን፣ ማርሻል ከተማም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 የአሜሪካ የምትሐት ሙዚየም ተከፍቷል።

በኢትዮጵያ ግን የተሠወረውን ነገር ዐውቃለሁ ማለት ለጨዋታ ሳይሆን ለዳኝነት የዋለበት ዘመን ነበር። ዕቃ ሲሰረቅ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ጠጥቶ፣ ጢስም ስቦ፣ ወገቡ በገመድ ይታሰራል፤ የገመዱን ጫፍ የያዘ ሰውም ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደና እየዳኸ ይዞራል፤ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ተቆጥሮ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ እንዲከፍል ይደረግ ነበር። ልማዱ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በመንግሥት ተከለከለ።

ገመዱ ምን ይሠራ እንደነበር ለመገመት፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዝነኛ የነበሩትን አሜሪካዊውን ቢሾፕንና እንግሊዛዊውን ከምበርላንድን ማስታወስ ይጠቅማል። እነዚህ ሰዎች ዕቃ የደበቀውን ሰው እጅ ይዘው የተደበቀውን ያገኙ ነበር። ቦታውን የሚያስብ ሰው ወደዚያ ሲቃረብ ጡንቻው ሳይታወቀው ይላላል፤ ሲርቅ ደግሞ ይገታል። እጅ የሚያስተላልፈውን ምልክት ገመድም ሊያስተላልፍ ይችላል። ገመድ ያዡ የሚጠረጥረው ሰው ካለ፣ ተንኮል ባያስብ እንኳ፣ ጥርጣሬው በክንዱ በኩል እስከ ልጁ ወገብ ሊደርስ ይችል ነበር። እንዲህ ከሆነ የተነበበው የሌባው ልብ ሳይሆን የገመድ ያዡ ልብ ነው።

ስኒው ሲሳሳት ተስቆ ሌላ ቡና ይፈላል፤ ገመዱ ሲሳሳት ግን ንጹሕ ሰው ይከፍል ነበር። የጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ጠብቆ ያሳያል። ልብ ይነበብባቸው የነበሩት ዕቃዎች ግን ተራ ስኒና ገመድ በመሆናቸው በቀላሉ ይጣላሉ። ቢሰበሰቡም፣ መኪና ከንድፉና ከአሠራር መመሪያው ጋር እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ እነርሱም ከአሠራራቸው ማብራሪያ ጋር ሊቀመጡ ይገባል። ገመዱ ብቻውን ቢሰቀል ተመልካቹ ተአምር አየሁ ብሎ ይሄዳል፤ ማብራሪያው ሲታከልበት ግን ያለ ጥፋቱ ዕዳ የከፈለውን ሰው ያስባል።