ባሕር ዛፍ፣ ጉቶና የወላይታ መሬት፦ ከታሪኩ ምን እንማራለን?

ውድ አርሶ አደሮች፣ ክረምት ሲቃረብ ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አለ። «ባሕር ዛፍ ልትከል ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። ይህ ክርክር እኮ አዲስ አይደለም፣ በአገራችን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ዛሬ ምክሩን ከመስጠቴ በፊት ታሪኩን እናያለን።

1887 ዓ.ም. ለወላይታ ከባድ ዓመት ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር መጣ፣ ካዎ ጦና ተማረኩ፣ ወላይታም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባች። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በዚያው ዘመን ገደማ ነው። ያስመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይዬ እንደሆነ ብዙዎች ጽፈዋል። ስሙም ከዚሁ መጣ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው።

ለምን አስፈለገ? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ። በዚያ ዘመን ደግሞ እንጨት ሲያልቅ ከተማውን ትቶ መሄድ የተለመደ ነበር። ምኒልክም ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ሐሳቡ ቀረና ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋ እዚያው እንድትጸና ካደረጉት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከብት ቅጠሉን አይበላውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። አንዴ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል።

ወዲያው ግን ቅሬታውም ተከተለ። ምንጭ ያደርቃል፣ አጠገቡ እህል አያበቅልም ተባለ። በ1905 ዓ.ም. አካባቢ አብዛኛው ተነቅሎ በምትኩ የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ትእዛዙ ግን ሥራ ላይ አልዋለም፤ ሰው እንጨቱን ፈልጎታላ!

ወደ እኛው አካባቢ እንምጣ። የድሮው የወላይታ ቤት ክብ ሆኖ በሣር የሚከደን ነው። የቆርቆሮ ቤት ሲመጣ ቀጥ ያለ ማገርና ምሰሶ ተፈለገ፤ ሶዶም እያደገች ስትሄድ የማገዶ ገበያው ሰፋ። በ1960ዎቹ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋዱ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አቀረበ፣ በአበላና በበሌ ቆላ ሰው አሰፈረ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጣ። ሕዝቡ ግን እየበዛ፣ ማሳው እየጠበበ ሄደ። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት ነው የሚኖረው። በሬ የሌለው፣ ለማዳበሪያ አቅም ያጣ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ባሕር ዛፍ በየዓመቱ እረሱኝ፣ አርሙኝ አይልም። በአራት በአምስት ዓመት ለአጠና ይደርሳል። ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት ሲቸግር ይሸጣል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ሞኝ ሆኖ አይደለም የሚተክለው። በደጅ እንደቆመ ባንክ ነው።

ባንኩ ግን ወለድ ያስከፍላል። ሥሩ ወደ ጎን ተዘርግቶ የጎረቤትን ውኃም ይጠጣል። በሰፊ መሬት ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ በእኛ ጠባብ ማሳ ላይ ግን የአንዱ ባሕር ዛፍ የሌላው በቆሎ ጠላት ነው። በድንበር ላይ በተተከለ ባሕር ዛፍ ስንት ጎረቤት እንደተቀያየመ እናንተው ታውቃላችሁ።

አሁን ሌላ ጉቶ እንይ። ከሶዶ በስተደቡብ በሁምቦ ያለው ተራራ በማገዶና በከሰል ምክንያት ተራቁቶ ነበር። ከአፈሩ ሥር ግን የአገር በቀል ዛፎቹ ጉቶና ሥር አልሞተም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ማኅበረሰቡ ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር ከከብት ንክኪ ከለለ፣ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጠ ገረዘ። 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት በስማቸው የመጠቀም መብት አገኙ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም 165,000 ቶን የካርቦን ቅናሽ ለመግዛት ተዋዋለ። አብዛኛው ደን የተመለሰው ችግኝ ተገዝቶ ሳይሆን የነበረውን ጉቶ በመጠበቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ጥፋቱም ጥቅሙም በቦታው ይወሰናል። የአዲስ አበባን ችግር የፈታው ዛፍ ምንጭ ዳር ሲተከል ችግር ይሆናል። ስለዚህ፦

ባሕር ዛፍ ለምትተክሉ፣ እህል የማይሰጠውን ድንጋያማ ወይም የተጎዳ ተዳፋት ምረጡ። ከምንጭ፣ ከወንዝ ዳርና ከእንሰት ጓሮ አርቁት። ድንበር ላይ ከመትከላችሁ በፊት ጎረቤታችሁን አነጋግሩ፤ ሽማግሌ ከመጥራት ይቀላል። ስትቆርጡ ወደ መሬት አስጠግታችሁ በሹል መሣሪያ በሰያፍ ቁረጡ፣ ከሚያቆጠቁጠውም ጠንካራ የሆኑትን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አስቀሩ።

በእርከኑ ላይ ደሾ ወይም ዝሆን ሣር ትከሉ። አፈር ይይዛል፣ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ከባሕር ዛፍም ፈጥኖ ይታጨዳል። እንሰቱንም አትንቁት፤ ቆጮውን ከፋቃችሁ በኋላ የሚቀረው ቃጫ ገመድና ጆንያ ሆኖ ገበያ ይወጣል። አንድ ተክል ምግብም ጭረትም ሲሰጥ በጠባብ መሬት ላይ ትልቅ ነገር ነው።

ማሳችሁን ሙሉ በሙሉ ወደ ባሕር ዛፍ ለመለወጥ ካሰባችሁ ግን ቆም በሉ። ጉቶው ቶሎ አይነቀልም፤ የእህል ዋጋ ሲንር መሬቱን መልሶ ማረስ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ከመትከላችሁ በፊት ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ተመካከሩ፣ የቀበሌያችሁንም የልማት ሠራተኛ ጠርታችሁ ቦታውን አሳዩት።