ሲራራ ላይ ያለ ሻጭ፦ የራምቦ ጠመንጃዎችና የሐረር መያዝ



አርቱር ራምቦ በሐረር ሲነሣ ዘወትር የሚቀድመው ገጣሚው ነው። ዛሬ እዚህ አቦከር የማወራችሁ ስለ ሻጩ ይሆናል። ሰውየው ወደ ሐረር የመጣው ግጥም ከተወ በኋላ፣ የቡና ነጋዴ ተቀጣሪ ሆኖ ነው። ጎብኚዎች «የራምቦ ቤት» እየተባሉ የሚመሩበት ያማረ ሕንፃ እንኳ ከእርሱ በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ መሆኑን የከተማው ሰው ያውቀዋል። ደብዳቤዎቹ ግን የእርሱው ናቸው፤ ለታሪክ ተመራማሪም ከሕንፃው ይልቅ የሚጠቅሙት እነርሱ ናቸው፤ የዋጋ፣ የኪራይና የዕዳ እሮሮ ሞልቶባቸዋልና። (የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዔደኑ ነጋዴ አልፍሬድ ባርዴ በ1880 በሐረር ወኪል ቤት ሲከፍት ከተማዋ በግብፆች እጅ ነበረች። ራምቦ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደረሰ። ሥራው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ መግዛት፣ ጨርቅና ጥቃቅን ሸቀጥ መሸጥ ነበር። ወኪል ቤት ማለት ሻጩ ተቀምጦ ገበያው ወደ እርሱ የሚመጣበት ቦታ ነው፤ ዋጋው ዛሬ ካልተስማማው ዕቃውን ለነገ ማሳደር ይችላል። በ1885 ግብፆች ለቅቀው ወጡ፤ ከተማዋም ወደ አሚር አብዱላሂ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ራምቦ ከባርዴ ጋር ተለያየና ፒየር ላባቱ ከተባለ፣ በሸዋ ከቆየ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ተዋዋለ። ዓላማቸው ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ወስዶ መሸጥ ነበር።

ስሌቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ያጓጓል። ራምቦ ለቤተሰቡ እንደጻፈው፣ በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት አሮጌ ጠመንጃ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛል፤ ንጉሡ ደግሞ አንዱን ወደ 40 ፍራንክ ይከፍሉበታል። በመካከል ያለው ልዩነት ግን መንገድ ነበር፤ መንገዱም ራሱን የቻለ ዋጋ ነበረው። ራምቦ በታጁራ ዳርቻ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀመጠ። ግመል መከራየት በአካባቢው ሹማምንትና ባለግመሎች ፈቃድ የሚፈጸም ጉዳይ ነበር። በ1886 ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት መሣሪያ ወደ ሸዋ እንዳይገባ ከልክሎ፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ ፈቀደ። ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ። አብሮ ሊጓዝ የታሰበው ፖል ሶሌዬም ዔደን ላይ ሞተ። በኦክቶበር 1886 ራምቦ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት በግመል አስጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በፌብሩዋሪ 1887 መጀመሪያ አንኮበር ገባ።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን ማየት ያለብን ነገር አለ። ሲራራው በረሃ ላይ ሳለ፣ በጃንዋሪ 1887 በገና ሰሞን፣ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። ራምቦ በኋላ በካይሮ ጋዜጣ ባሳተመው ጽሑፍ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ሲመለሱ ከሐረር ያገኟቸውን ሁለት የክሩፕ መድፎች ያስመጡ እንደነበር ይተርካል፤ ምኒልክ ሐረርን ከጥንትም የተመኙት ግብፆች ብዙ መሣሪያ ትተውባታል ብለው በማሰብ እንደሆነም ይገልጻል። እንግዲህ ሻጩ ገበያ የደረሰው ገዢው ሌላ የመሣሪያ ምንጭ በእጁ ባስገባበት ሰዓት ነው። የራምቦን ኪሳራ ብዙ ጸሐፊዎች ወይ በራሱ የንግድ ችሎታ ማነስ ወይ በንጉሡ ብልጠት ያሳብባሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም በቂ አይደሉም። ምኒልክ ያደረጉት ማንኛውም ብቸኛ ገዢ የሚያደርገውን ነው፤ ዕቃውን በሙሉ በጅምላ በዝቅተኛ ዋጋ ወሰዱ፣ በችርቻሮ እንዳይሸጥም ከለከሉ። ያንን ሁሉ ብረት መልሶ ወደ ታጁራ የሚጭን ሰው ደግሞ አይኖርም።

በላዩም የሟች ሸሪክ ዕዳ መጣ። የላባቱ ባለዕዳ ነኝ የሚለው ሁሉ፣ ባልቴቱም ሳትቀር፣ ራምቦን ያዘችው። ንጉሡም የሚገባቸውን ቀንሰው የቀረውን የከፈሉት በጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ የሐረር ገዢ ሆነው በተሾሙት በመኮንን ላይ የተጻፈ የ9,000 ማርያ ቴሬዛ ብር የክፍያ ወረቀት ሰጡት። ልብ በሉ፤ የሽያጩን ዋጋ የሰበረችውም፣ ገንዘቡን የምትከፍለውም አንዲቱ ሐረር ሆነች።

ራምቦ ገንዘቡን ፍለጋ በሜይ 1887 ከዡል ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ በጨርጨር በኩል ሐረር ደረሰ። ዛሬ የሞተር ብስክሌት አከፋፋይ ወኪል ከአዳማ ተነሥቶ፣ ጭሮ ያሉትን ሱቆች ጎብኝቶ፣ ድሬዳዋ አድሮ ሐረር ሲወጣ የሚያልፈው በዚያው አገር ነው። ልዩነቱ ስልኩ ላይ ነው፤ ወኪሉ የገበያውን ወሬ ከመነሣቱ በፊት ይሰማል። ራምቦ ወሬውን የሰማው ዕቃውን ካደረሰ በኋላ ነበር።

ከ1888 ጀምሮ ራምቦ ጠባዩን ለወጠ። ሐረር ላይ ተቀምጦ ከዔደኑ ሴዛር ቲያን ጋር እየሠራ፣ ዕቃውን በምኒልክ ዘንድ ለነበረው ስዊዛዊ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ይልክ ጀመር። አሁን የመንገዱ ጫፍ የኢልግ ራስ ምታት ሆነ። ከተላኩለት ዕቃዎች መካከል ድስቶች፣ መቁጠሪያዎችና የማስታወሻ ደብተሮች ነበሩ፤ ኢልግም መጻፍ ለማይችል ሰው ደብተር ሽጥ መባሉን እየቀለደ ያማርር ነበር። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን በሐረርና በሸዋ ቁርኣንና ዳዊት የሚገለብጡ እጆች ሞልተው ሳለ፣ ደብተሩ ያልተሸጠው ገዢው በራሱ ብራናና ወረቀት ስለሚጽፍ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ኢልግም ራምቦም አላነሡትም።

በኤፕሪል 1891 ራምቦ እግሩ ታሞ፣ ንግዱን ዘግቶ፣ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ። በኖቬምበር ማርሴይ ላይ ሞተ። በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ስላለፈ፣ የውጭ ነጋዴዎች መጋዘን ቀስ በቀስ ቁልቁል ወደዚያ ወረደ።